አሮጌ ፎር ዊል መኪናን ማለስለስ፦ ስለ ባሌስትራ፣ ሞላና አሞርዛተር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አሮጌ ላንድክሩዘር፣ ሃይሉክስ ወይም ፓትሮል የሚነዳ ሰው ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ይቺ መኪና ወገቤን ጨረሰችው፤ ምን ላድርጋት?» መንገዳችን ብዙ ዓይነት ነው። ከደብረ ብርሃን በአስፋልት ይወጣሉ፣ ጣርማበርን ያልፋሉ፣ ወደ መንዝ ሲገቡ ድንጋይ ነው፣ ወደ እነዋሪ ሲሉ ጥቁር አፈር። አንድ መኪና ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ሊያየው ይችላል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የሚያንገጫግጩት አብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች አዲስ ዕቃ አይደለም የጎደላቸው፤ እንክብካቤ ነው። የቀሩት ደግሞ ከሚጭኑት በላይ ጠንካራ ባሌስትራ፣ ማለትም ከሥር የተደራረበ ዝርግ ብረት፣ የተሸከሙ ናቸው። ሁለቱንም ሳያዩ ውድ አሞርዛተር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ገንዘቤ ትንሽ ነው። ከየት ልጀምር?

ከጎማው ንፋስ። ነጻ ነው፣ ለውጡም ወዲያው ይታያል። ጎሚስታው «ለጭነት ይሆናል» ብሎ አጠጥሮ የሞላው ጎማ ከሆነ የትኛውም አሞርዛተር አያድንዎትም። የመኪናው ትክክለኛ ልክ አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር ክፈፍ ላይ ተለጥፏል። ባዶ ሲሆንና ጭነት ሲኖር ለየብቻ የተጻፈ ከሆነ፣ የዕለቱን ሁኔታ የሚመስለውን ይውሰዱ።

ንፋስ የሚለካው ጠዋት ነው፣ መኪናው ሳይነዳ። ለእኛ አካባቢ ይህ የግድ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ። ሮቢት ላይ በቀትር፣ ጎማው ግሎ ሳለ የተለካ ንፋስ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ በወረደበት ጠዋት ሲለካ ቀንሶ ይገኛል። ታዲያ የሚያድሩበት ቦታ ላይ ይለኩ፤ ልክዎ እሱ ነው።

ረጅም ኮረኮንች ከፊትዎ ካለ ከልኩ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ቢያወርዱ መኪናው በግልጽ ይለሰልሳል። ግን ፍጥነትዎንም አብረው ያውርዱ፣ አስፋልት ሲደርሱም መልሰው ይሙሉ። ስል ድንጋይ በሚበዛበት መንገድ ከዚህ በታች አይሂዱ። የላላ ጎማ ጎኑ ወደ ውጭ ይነፋል፣ ድንጋዩም የሚያገኘው እሱን ነው።

ባሌስትራ፣ ሞላና አሞርዛተር ሥራቸው ይለያያል?

አዎ፣ ግራ መጋባቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራው ወይም ሞላው፣ ያ የተጠቀለለው ብረት፣ ነው። አሞርዛተሩ፣ ሾክ የምንለው፣ ምንም አይሸከምም። የእሱ ሥራ ባሌስትራው አንዴ ከተጨመቀ በኋላ ደጋግሞ እንዳይነጥር መያዝ ነው። በውስጡ ዘይት አለ፤ ፒስተኑ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋው እንቅስቃሴው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ መኪናዎ ከኋላ ተቀምጦ ከሆነ አዲስ አሞርዛተር ቀና አያደርገውም። መኪናዎ እንደ ጀልባ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ባሌስትራ መጨመር ነገሩን አይፈታውም።

የእኔ መኪና የየትኛው ዓይነት ናት?

ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል፤ ግን ጠቅለል ያለውን ልንገርዎ። ዓመቶቹ በእ.ኤ.አ. ናቸው።

ላንድክሩዘር 60 በአራቱም ጎማ ባሌስትራ ነው። በ1984 የወጣው ባለ 70ው ሃርድቶፕና ፒክአፕ፣ የሥራ መኪናው ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበር፤ ከ1999 ወዲህ ፊቱ ሞላ ሆነ፣ ኋላው ባሌስትራ ሆኖ ቀረ። ላንድክሩዘር 80 አራቱም ሞላ ነው። የድሮው ላንድሮቨር ሲሪስ ባሌስትራ ሲሆን፣ በ1983 የመጣው 110 ግን በሞላ ላይ ይቆማል። ሃይሉክስ ከኋላ ሁሌም ባሌስትራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ፊቱ እንደ ሞዴሉ ባሌስትራ፣ ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ ክብደቱን የሚሸከም ዘንግ) ወይም ሞላ ይሆናል።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው የሰው ምክር ሲሰሙ ነው። ባለ 80 ያለው ጓደኛዎ «እኔ ይህን አስገጥሜ ለሰለሰልኝ» ያለው ነገር ለእርስዎ ሃርድቶፕ ላይሠራ ይችላል።

አሞርዛተሬ መሞቱን እንዴት አውቃለሁ?

ሁላችንም የምናውቀው መንገድ አለ፤ ጥጉን በጉልበት ተጭኖ መልቀቅ። መኪናው አንዴ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ደህና ነው፣ ከዚያ በላይ ከተወዛወዘ ደክሟል ማለት ነው። ለቀላል መኪና ይሠራል። ጠንካራ ባሌስትራ ባለው ሃርድቶፕ ላይ ግን ሁለት ሰው ቢጫነውም አይነቃነቅም። ፈተናው እዚያ ላይ ምንም አይነግርዎትም።

የተሻለው የእጅ ፈተና ነው። በኮረኮንች ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ይንዱ። ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ጎማውን በድንጋይ ያስደግፉ። ከዚያ አራቱንም አሞርዛተሮች አካል በእጅዎ ጀርባ ቀረብ አድርገው ይሞክሩ። ሊያቃጥል ስለሚችል ዘለው አይጨብጡት። የሚሠራ አሞርዛተር ይሞቃል። ከጎን ጓደኛው ጋር ሲነጻጸር ቀዝቃዛ ሆኖ ያገኙት ሥራውን አቁሟል። ያኛው ደግሞ የእሱንም ሸክም ይዞ እየጋለ ነው። አንድም መሣሪያ አያስፈልግም፣ ብዙ ጊዜም አይዋሽም።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። አካሉ ላይ ዘይት ወርዶ አቧራ ከለጠፈ አፈትልኳል። ጎማው ዙሪያውን ጎድጎድ፣ ከፍ፣ ጎድጎድ እያለ ከተበላ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ሲነጥር ከርሟል ማለት ነው። መኪናው በኩርባ ላይ ጎርበጥባጣ ሲያገኝ ኋላው ወደ ጎን የሚዘል ከሆነ አይዘግዩ።

ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት መኪናው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ደረቅ ቢልብዎት ግን አይደንግጡ። ዘይቱ በብርድ ይወፍራል፣ ጎማ ነክ ክፍሎቹም ይጠነክራሉ። ሲሞቅ ይመለሳል።

ባሌስትራው በጣም ጠንካራ ነው። አንድ ሁለት ብረት ባስወጣስ?

መጀመሪያ ብረቶቹን ይቁጠሩ። ብዙ መኪኖች ጤፍና ስንዴ ይጫንባቸው ስለነበር የቀድሞው ባለቤት ተጨማሪ ብረት አስገብቶባቸዋል። ዛሬ እርስዎ ቤተሰብ ነው የሚጭኑት። ያ ተጨማሪ ብረት ካለ ይውጣ፣ መኪናውም ወደ ፋብሪካው ልክ ይመለስ። ይህ ብቻውን መኪናቸውን ሌላ መኪና ያደረገላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ከፋብሪካው ልክ በታች ማውረድ ግን ሌላ ነገር ነው። የቀሩት ብረቶች የማይችሉትን ይሸከማሉ፣ ይጎብጣሉ፣ ውለው አድረው ይሰበራሉ። በተለይ ዋናውንና ከሥሩ ያለውን ሁለተኛ ብረት አይንኩ። በብዙ መኪኖች ሁለተኛው ጫፉ የዋናውን ዓይን እንዲያቅፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ዋናው ዓይኑ ላይ ቢሰበር አክስሉን፣ ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኘውን ብረት፣ ከቦታው እንዳይሸሽ የሚይዘው እሱ ነው። ይህ የሚያስፈልግዎት ቀን ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወርዱ ሊሆን ይችላል።

የተኛ ባሌስትራ ማስቀጥቀጥ ያዋጣል?

ለጊዜው። በቀዝቃዛው ተመትቶ የተቀናው ትንሽ ቆይቶ ወደ ነበረበት ይተኛል። በእሳት አግሎ የሚያቀናው ደግሞ የብረቱን ቅመም፣ ተጣጥፎ የመመለስ ጥንካሬውን፣ ያጠፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ወይ ይተኛል ወይ ይሰበራል። አቅም ካለ ሙሉ አዲስ፣ ከሌለም ያልተኛና ያልተሰነጠቀ ያገለገለ ባሌስትራ መፈለግ ይሻላል። ግራና ቀኙ ከአንድ መኪና የወጡ ይሁኑ።

ባሌስትራው መሀል ግራሶ ወይም ያገለገለ ዘይት ማድረግ ጥሩ ነው?

ሐሳቡ ትክክል ነው፣ አደራረጉ ነው ችግሩ። የባሌስትራ ብረቶች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ነው የሚሠሩት። በመሀላቸው ዝገትና ደረቅ ጭቃ ሲገባ መንሸራተቱ ይቀራል፣ ባሌስትራውም እንደ አንድ ድፍን ብረት ይሆናል። ያኔ ትናንሿ ጠጠር ሳትቀር ወንበሩ ላይ ትሰማለች። የሞረትና ጅሩን ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ያየ ያውቀዋል። ጭቃው ይገባል፣ ጥቅምት ላይ ይደርቃል፣ እዚያው ይቀራል።

ያገለገለ የሞተር ዘይት መርጨት ግን አልመክርም። ጎሚኒውን፣ በብረቶቹ መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ፣ ያበሰብሳል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ወደ ፍሬን ከደረሰም አደጋ ነው። ትክክለኛው ሥራ ባሌስትራውን ማስወረድ፣ መፍታት፣ እያንዳንዱን ብረት በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ የተሰነጠቀ ካለ መለየት፣ ግራፋይት ያለበት ግራሶ በስሱ ቀብቶ መልሶ ማሰር ነው። የብረቶቹ ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የሚሰካ የፕላስቲክ ማንሸራተቻ ካገኙ ደግሞ እሰየው።

የድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች የባሌስትራ ፒኖች የግራሶ መሙያ ጡት አላቸው። ብዙ ጊዜ በጭቃ ተሸፍነው ስለሚረሱ ይፈልጓቸው። አዲሱ ግራሶ በጎን እስኪወጣ ድረስ ይሙሉ። አንደኛው እምቢ ካለ ጡቱን ለውጡ ይበሉ እንጂ አይለፉት።

ጎሚኒ መለወጥ ያን ያህል ለውጥ አለው?

አለው፣ ከሚገምቱት በላይ። «ቋ፣ ቋ» የሚለው ድምፅ አብዛኛው ከዚያ ነው። ለልስላሴ ከሆነ የጎማ ጎሚኒ ይምረጡ። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ዕድሜው ረዥም ነው፣ ግን ጠንካራ ነው፣ ንዝረቱን ወደ ሻንሲው ያሳልፋል፣ ካልተቀባም ይጮሃል።

እዚህ ላይ መካኒኩ አጠገብ ይቁሙ። የጎማ ጎሚኒ ያለበት ቡሎን በመጨረሻ መጥበቅ ያለበት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በአራት እግሩ ሲቆም ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። መኪናው ደረቅ ይላል፣ ጎሚኒውም ወዲያው ይቀደዳል። «አዲስ አስገጥሜ ባሰብኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው ይቺ ናት። ፈትቶ መሬት ላይ መልሶ ማጥበቅ ብቻ ይበቃል።

የትኛውን አሞርዛተር ልግዛ?

በሦስት ከፍለው ይዩት። ተራው ባለ ዘይት ለስላሳ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ግን በረጅም ኮረኮንች ላይ ዘይቱ ከአየር ጋር ተደባልቆ አረፋ ይሆንና ይዝላል። በዝቅተኛ ግፊት ናይትሮጅን የተሞላው አረፋውን ይቀንሳል፤ ለአብዛኛው የእኛ መንገድ ይህ መካከለኛው በቂ ነው። ባለ አንድ ቱቦው ከፍተኛ ግፊት ያለው ሲሆን ሙቀትን በደንብ ያወጣል፤ ግን ጠንከር ይላል፣ ቱቦውን ድንጋይ ከመታውም ይያዛል።

ኬዋይቢ፣ ሞንሮ፣ ቢልስታይን፣ ኦልድ ማን ኢሙ ሁሉም የታወቁ ናቸው። ከስሙ ይልቅ ለመኪናዎ ሞዴልና ለሚጭኑት ክብደት የተሠራ መሆኑን ይዩ። ለከባድ ጭነት የተሠራ ምርጥ አሞርዛተር ባዶ ሃርድቶፕ ላይ ሲገጠም ሥቃይ ነው።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርደው የሚገዙ ከሆነ የግራና የቀኙን በጥንድ ይግዙ። ያገለገለ አሞርዛተር አይግዙ፣ ባሌስትራ ላይ እንደፈቀድኩት እዚህ አልፈቅድም። ሱቁ ውስጥ ቀጥ አድርገው አቁመው ዘንጉን ወደ ታች ይጫኑ፣ ወደ ላይ ይሳቡ። ወጥ በሆነ ክብደት መሄድ አለበት፤ ስቦ ማውጣቱ ከመጫኑ ይከብዳል። ጋዝ ያለው ሲለቁት ቀስ ብሎ ራሱ ይወጣል። መሀል ላይ ባዶ ሆኖ «ሸርተት» የሚል ከሆነ መጀመሪያ ቀጥ እንደያዙት ደጋግመው ያንቀሳቅሱት። ተጋድሞ ስለከረመ አየር ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ካልተስተካከለ ይተዉት።

ከፍ ባስደርጋትስ? ልስላሴ ይጨምራል ይባላል።

አይጨምርም። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፣ መልሴን የማይወዱትም እነሱ ናቸው።

ከፍ የሚያደርገው ባሌስትራ ብዙ ጊዜ ከነበረው የጠነከረ ነው። መኪናው ረጅም ሲሆን የክብደቱ መሀል ከፍ ይላል፣ በኩርባ ላይ ይጋደማል። ሞላ ባላቸው ላይ ደግሞ የፊቱ አክስል ዘመም ብሎ መሪው ወደ መሀል መመለሱን ይቀንሳል፣ አስፋልት ላይ መኪናው ይቅበዘበዛል። የካርዳኑ፣ ኃይሉን ወደ አክስሉ የሚወስደው ዘንግ፣ ማዕዘን ይቀየራል፣ የፍሬን ቱቦዎች ይወጠራሉ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ፍሬኑ ነው። ብዙ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ ጭነትን እያየ ለኋላ ፍሬን ኃይል የሚያካፍል ቫልቭ አለ። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፣ ቫልቩም «ጭነት አለ» ብሎ ለኋላ ጎማ ብዙ ይሰጣል። መኪናውን ከፍ ሲያደርጉት ሻንሲው ይርቃል፣ ቫልቩም ሁሌም ባዶ ነው ብሎ ያስባል። ሰባት ሰው ጭነው፣ ዋሻውን አልፈው ወደ ደብረ ሲና ያንን ቁልቁለት ሲወርዱ የኋላ ፍሬንዎ ግማሽ ልቡን ነው የሚሠራው። ሸክሙ ሁሉ በፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ይግላል። የግድ ከፍ ያደረገ ሰው ቢያንስ የቫልቩን ዘንግ መያዣ በዚያው ልክ ማስተካከል አለበት። የሚያስተካክለው መካኒክ ይህን ሳይጠየቅ ካላነሳው ሌላ ይፈልጉ።

ሃይሉክሴ ፊቱ ቶርሽን ባር ነው። ቡሎኑን ባጠብቀው ይለሰልሳል?

ከፍ ይላል እንጂ አይለሰልስም። ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ስለሚያልቅ ጉድጓድ ሲገባ «ጓ» ብሎ ይመታል። እንዲያውም ደረቅ የሆኑ ሃይሉክሶች አንዳንዶቹ ቀድሞ ተጠብቀው ስለቆዩ ነው። ወደ ፋብሪካው ቁመት መልሰው ያስተካክሉ፣ አላይመንትም ያሠሩ።

ፓራቦሊክ ባሌስትራ ሲባል እሰማለሁ። ምንድን ነው?

ብዙ ቀጫጭን ብረት በመደራረብ ፈንታ ጥቂት ብረቶች ናቸው፤ መሀላቸው ወፍራም፣ ወደ ጫፍ እየሳሱ የሚሄዱ። ብረት ከብረት የሚነካካው ጫፍና መሀል ላይ ብቻ ስለሆነ ሰበቃው ትንሽ ነው። በእርግጥም ይለሰልሳል። ከእሱ ጋር የሚሄድ ጥሩ አሞርዛተር ግን የግድ ነው፤ የድሮው ባሌስትራ በሰበቃው ይነጥር የነበረውን በከፊል ራሱ ይይዘው ነበርና። ዋጋው ውድ ነው፣ እዚህ አገር ማግኘትም ቀላል አይደለም።

እናቴን ወደ ጻድቃኔ ማርያም ልወስዳት ነው፤ ወገቧን ያማታል። አሁን ምን ላድርግ?

እማማን ከኋላ ጎን ለጎን ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አያስቀምጧቸው። እሱ አክስሉ ላይ ወይም ከአክስሉ ኋላ ነው ያለው፤ እያንዳንዱ ጉብታ እዚያ ይበረታል። ጋቢና ያስቀምጧቸው። ጋቢና ካልተመቻቸው የመሀለኛው ወንበር፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው።

የወንበሩን ስፖንጅም ይዩ። በሠላሳ ዓመት መኪና ላይ ስፖንጁ ተሰባብሮ ሰው የሚቀመጠው ሽቦው ላይ ነው። ጠንከር ያለ ስፖንጅ አስገብቶ ማሰፋት ከአንድ ጥንድ አሞርዛተር በላይ ሊያሳርፍ ይችላል። ከላይ ፖርቶመጋላ ላይ የሚጫነውንም ወደ ታች ያውርዱ። ደግሞ ቀስ ብለው ይንዱ። እሳቸው መንገዱን ከእርስዎ በላይ ነው የሚሰሙት።

ሁሉን አስለውጬ መሪው በአንዳንድ ፍጥነት በኃይል ይንቀጠቀጣል።

የመሪ አሞርዛተር ለውጠው አይሸፍኑት። ባላንስ፣ የመሪ ዘንግ ጫፎች፣ የጎማ ኩሽኔታና የፊት አክስሉ መዞሪያ ላይ ያሉት ኩሽኔታዎች በተራ ይታዩ። ፊቱ ሞላ ከሆነ አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ዘንግ ጎሚኒ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነው።

ከተገጠመ በኋላ ምን ልከታተል?

ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች አዲስ መሆን አለባቸው። አንዴ የተሳበ ዩ ቦልት ተመልሶ በልኩ አይጠብቅም። ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ደግሞ ሁሉም እንደገና ይጥበቁ፤ አዲስ ባሌስትራ ቦታውን ሲይዝ ይላላሉ። የላላ ዩ ቦልት የመሀል ቡሎኑን ይቆርጣል፣ ከዚያ አክስሉ ከቦታው ይሸሻል። ፍሬን ሲይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳብ ከጀመረ ሳይውል ሳያድር እዚያ ይመልከቱ።

ክረምት ሲወጣ፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ከሥር በውሃ ያሳጥቡ። ሲታጠብ አብረው ጎንበስ ብለው ይዩ። የተሰነጠቀ ባሌስትራ በስንጥቁ ላይ ቀይ የዝገት መስመር ያወጣል፣ በንጹሕ ብረት ላይ በቀላሉ ይታያል። ያ መስመር ካለ መኪናው ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ ጋራዥ ነው የሚሄደው።